በፍልሰታ ወደ ጣና፦ የሎብስተር ጠላቂ በጎጃም ወንዞች

ዓርብ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ወጣን። ጎሃ ጽዮን በጭጋግ፣ ዓባይ በረሃ በወበቅ፣ ደጀን ደግሞ በዝናብ ተቀበለን። ጎጃምን በነሐሴ ያየ ያውቀዋል። መስኩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ጤፉ ገና መሬቱን መሸፈኑ ነው። እረኞቹ ገሳቸውን ደርበው ከከብቶቹ ኋላ ይሄዳሉ።

አብሮኝ የሚጓዘው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ታላቄ ነው። በልጅነቱ ነው ከአገር የወጣው። አሁን ደቡብ ፍሎሪዳ ይኖራል። እንጀራው መኪና ጥገና ነው፤ የእረፍት ቀኑን ግን የሚያሳልፈው ባሕር ውስጥ ነው። የአየር ሲሊንደር ጀርባው ላይ ታጥቆ ይጠልቃል። የሚያድነው ሎብስተር ነው፤ ቅርፊት ለበስ፣ ብዙ እግር ያለው፣ ለምግብ የሚፈለግ የባሕር እንስሳ። ወደ አገር ቤት የመጣውም የዘንድሮው አጭር የጠላቂዎች የሎብስተር ሰሞን ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን የሎብስተር ነገር ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ አስረዳኝ። ፍሎሪዳ ውስጥ የንግድ አጥማጆች ሎብስተር መያዝ የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ነው። ከዚያ በፊት ግን በጁላይ መጨረሻ አንድ ረቡዕና ሐሙስ ለመዝናኛ ጠላቂዎች ይለቀቃል። ሕዝቡ ጀልባውን እየጎተተ ወደ ባሕሩ ይጎርፋል። በደቡብ ደሴቶቹ አካባቢ ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው 6 ሎብስተር ብቻ ነው። በጦር መውጋት ክልክል ነው። በቀጭን ዘንግ ከድንጋይ ሥር ነካ ነካ አድርገህ ታስወጣዋለህ፤ ከዚያ በትንሽ መረብ ትይዘዋለህ።

«መለኪያውን ይዘህ ነው የምትጠልቀው» አለኝ። «ገና ውሃ ውስጥ እያለህ የጀርባውን ቅርፊት ትለካለህ። ከ3 ኢንች ካልበለጠ እዚያው ትለቀዋለህ። ጅራቷ ሥር ብርቱካናማ እንቁላል የተሸከመች ከሆነች ደግሞ የቱንም ያህል ብትገዝፍ አትነካትም።»

3 ኢንች 7.6 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አንዲት እናት ሎብስተር የምትሸከመው እንቁላል በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። የፍሎሪዳው ዓይነት ጫጩት ደግሞ በባሕር ሞገድ ላይ ለወራት ተንሳፎ ነው ሌላ ዳርቻ የሚያርፈው። ስለዚህ አንዱ ጠላቂ የማራት እናት ልጆቿ ሌላ አገር ሊያድጉ ይችላሉ ማለት ነው። ወደ ሰሜን ሜይን በሚባለው ግዛት ደግሞ አጥማጆቹ እንቁላል ያላትን ሲያገኙ የጅራቷን ጫፍ በትንሹ ቆርጠው ምልክት ያደርጉባታል። ከዚያ በኋላ እንቁላል ባይኖራትም ማንም አይወስዳትም፤ እናትነቷ ተመስክሮላታል።

ሕጉ ጥሩ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ባሕር ሥር ፖሊስ የለም። መለኪያውም ሎብስተሩም ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። ልቀቅ ወይም ውሰድ የሚለውን የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ሊዝናና የወጣ ሰው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ጣና ላይስ ምን ሊደረግ ይችላል? የጉዟችን ጥያቄ ይኼ ሆነ።

ባሕር ዳር ስንገባ መሽቶ ነበር። ሽሮ በልተን ተኛን።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 12፣ ባሕር ዳር

ጠዋት ሐይቁ ዳር ዓሣ ወደሚራገፍበት ቦታ ሄድን። የደንገል ታንኳዎች ጭቃው ላይ ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው የሞተር ጀልባዎች አሉ። ፍልሰታ ስለሆነ ገበያው ደርቷል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር እንዳለ ነው፤ ከተማ ላይ ግን በጾም ዓሣ የሚበላው ብዙ ነው። ሉካንዳ ሲዘጋ ዓሣ ቤት ይሞላል።

ሦስት ዓይነት ዓሣ ነበር። ቀረሶ፣ አምባዛ እና ነጭ ዓሣ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነጭ ዓሣ ይበልታሉ። ቢላዋቸው አጭር ነው፤ ስለቱ ከመሳል ብዛት ተበልቷል። ከጅራቱ በኩል ወደ አንገቱ ሽቅብ ሰነጠቁት። ሆዱ ሲከፈት የበሰለ ማሽላ የመሰለ ቢጫ እንቁላል ተዘረገፈ። በእጃቸው ጀርባ ገፋ አድርገው ወደ ውሃው ጣሉት። እዚያው የቆሙት ይብራዎች ተሻሙበት።

«እትዬ፣ እንቁላል ሁልጊዜ አለው እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ የለውም። በክረምት ነው እንጂ። ሐምሌና ነሐሴ ሆዱ ሙሉ ነው። ወንዝ ሊወጣ ሲል ነው የሚያዘው።»

«እንቁላሉንስ ምን ያደርጉታል?»

«ማን ይበላዋል ብለህ ነው? ለወፍ ነው።»

የአጎቴ ልጅ አንድ ቃል አልተናገረም። ጎንበስ ብሎ ከድንጋዩ ላይ የቀረችውን ትንሽ የእንቁላል ጉብታ በጣቱ ነካት። እሱ ባለበት አገር ይኼ ዓሣ ሎብስተር ቢሆን ኖሮ ከውሃው እንኳ አይወጣም ነበር።

ነጭ ዓሣ ስንል አንድ ዓሣ ይመስለናል። ግን ጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በዓለም ሌላ የትም የሉም። ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወድቃል። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ሽቅብ ሊወጣ አይችልም። እዚህ ላይ የቀሩት ብቻቸውን በዘመን ብዛት ተለያዩ። ከንፈረ ወፍራም አለ፣ አፈ ሰፊ አለ፣ ጀርባው የጎበጠ አለ። ግማሽ ያህሎቹ ሌላ ዓሣ አዳኝ ናቸው። መንጋጋቸው ላይ ግን አንድም ጥርስ የለም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ የአዳኝ ስብስብ ከዚህ የዓሣ ቤተሰብ ሌላ ቦታ አልተገኘም። ይህን ለጎረቤትህ ብትነግረው ቅኔ የፈጠርክ ይመስለዋል።

ጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ለድሃው ሥራ፣ ለከተማው ምግብ። ችግሩ ነጭ ዓሣው በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ አፍ ሲሰበሰብ መረቡም እዚያው ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት ዓመታት ብቻ የነጭ ዓሣው ክምችት በ75 በመቶ ወርዷል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያ ቀጭን የፕላስቲክ ክር መረብ መጣ። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ቢጠፋም አይበሰብስም።

ማታ ችቦ በራ። ነገ ቡሄ ነው። ከየጊቢው የጅራፍ ጩኸት ይሰማል። ዝናቡም ለአንድ ሰዓት ያህል ታገሠን።

እሑድ፣ ነሐሴ 13፣ በጀልባ ወደ ግልገል ዓባይ አፍ

ጠዋት ሕፃናቱ ሆያ ሆዬ እያሉ እግራችን ሥር ተከተሉን። ሙልሙል ስላልነበረን ብር ሰጠናቸው። ከዚያ ጀልባ ተከራየን።

የአጎቴ ልጅ መነጽሩንና የመተንፈሻ ቱቦውን ከፍሎሪዳ ይዞ መጥቷል። ጀልባ ነጂው አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ እዚህ አይገባም። አንደኛ ጉማሬ አለ። ሁለተኛ ውሃው ብልሃርዝያ አለበት። ሦስተኛ ደግሞ ምን ልታይ ነው?» እውነቱን ነው። በክረምት ጣና ድፍርስ ነው፤ እጅህን ብትነክር መዳፍህ አይታይህም። ሐይቁ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ወንዞቹ የሚያመጡት አፈርና ማዕበሉ ውሃውን ሲያናውጡት ይውላሉ። መነጽሩ ወደ ቦርሳ ተመለሰ።

ዘጌን በስተግራ አለፍን። ያ የቡና ደን ከሩቅ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር ውሃው ቀለሙን ለወጠ፤ መጀመሪያ አመድማ፣ ቀጥሎ ሻይ በወተት፣ መጨረሻ ላይ ቀይ አፈር። ግልገል ዓባይ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ እንኳ ጉልበቱ አልከዳውም። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ እሱ ነው።

መረቦቹ በወንዙ አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተዋል። ተንሳፋፊ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በየአቅጣጫው ይታያሉ። ሁለት ወጣቶች ታንኳ ላይ ሆነው መረብ ያነሳሉ። ተጠጋንና ሰላምታ ተለዋወጥን። ፊታቸው ላይ የዝናብ ውሃ ይወርዳል፤ ጣቶቻቸው በክር ተቆራርጠዋል።

አንዷን ነጭ ዓሣ በሕይወቷ አወጧት። የአጎቴ ልጅ ጠየቃቸውና ተቀበላቸው። ከጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ እንዳለች በሁለት እጁ ያዛት፤ እንደ ልማዱ ከውሃ አላወጣትም። ከንፈሯ ወፍራም ነው፤ የታችኛው ከንፈር ወደ ታች ተንጠልጥሏል። የጎኗ ቅርፊቶች ወደ ወርቅማ ይመታሉ። ክሩ ከስንጥቧ ሥር ገብቶ ቀይ መስመር ሠርቷል። ሆዷን በቀስታ ሲነካት ጥቂት እንቁላሎች ፈሰሱ። ወንዙ ውስጥ ልትገባ የቀራት ጥቂት ነበር። ጠጠር ያለበትን ንጹሕ ጅረት ፈልጋ እንቁላሏን ልትጥል እየሄደች ነው የተያዘችው።

«ስንት ነው?» አላቸው። ዋጋውን ነገሩት። ከፈለና ለቀቃት።

ታላቅየው ወጣት ፈገግ አለ። «ገንዘብህን ከፍለሃል፣ ያንተ ናት። ግን እዚያ ማዶ ያለው መረብ ይይዛታል።»

እጁን ወደ ወንዙ ቀሰረ። ማዶ፣ ከዚያም ማዶ፣ ጠርሙሶቹ ተደርድረዋል። ልጁ ክፋት አልነበረበትም። ያየውን ነው የተናገረው። አንድ ሰው አንድ ዓሣ መግዛቱ ምንም እንደማይለውጥ እኛም ገባን። ፍሎሪዳ ላይ የአንዱ ጠላቂ ምሕረት ዋጋ የሚኖረው ሌሎቹም ስለሚምሩ ነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 14፣ መርዓዊ እና ወተት ዓባይ

ዓሣው የሚሄድበትን መንገድ በመኪና ተከተልን። መርዓዊ አጠገብ፣ የግልገል ዓባይ ገባር በሆነው በቆጋ ወንዝ ላይ፣ የቆጋ ግድብ አለ። 7,000 ሄክታር ያህል ያለማል። በበጋ ስንዴና ድንች ያበላል፤ ለገበሬው በረከት ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ዓሣ ግን ግድብ አይዘልም። ወንዙን ሽቅብ ሲወጣ የነበረ ሁሉ እዚያ ይቆማል። ከመገንባቱ በፊት ለዓሣ መተላለፊያ ማሰብ ቀላል ነበር፤ አሁን ከባድ ነው። ሌላ ግድብ የሚያቅድ መሐንዲስ ይህን ካነበበ ደስ ይለኛል።

ወተት ዓባይ ድልድይ ላይ ቆመን ግልገል ዓባይን አየን። ከዚያ በእግራችን ወደ አንድ ትንሽ ጅረት ወረድን። ልጆች ድንጋይ እየገለበጡ ይጫወታሉ። አንዱ «ጋሼ፣ ሸርጣን!» ብሎ ጠራን።

ትንሽ፣ ቡናማ ሸርጣን ናት። የአጎቴ ልጅ ከኋላዋ፣ ጥፍሯ በማይደርስበት በኩል፣ በሁለት ጣቱ ያዛትና ገለበጣት። ልጆቹ ከበቡት። ሆዷ ሥር ያለችውን ሰፊ ክዳን በቀስታ ፈልቀቅ ሲያደርጋት ውስጧ ይንቀሳቀሳል። ጫጩቶች ናቸው። የጤፍ ፍሬ የማያህል ዓይን ያላቸው፣ እግራቸው የተሟላ፣ ትክክለኛ ሸርጣኖች። የወንዝ ሸርጣን እንደ ሎብስተር ጫጩቶቿን ለሞገድ አትሰጥም። ትንንሽ ሸርጣን ሆነው ነው ከእንቁላል የሚወጡት፤ ከዚያም ለተወሰነ ጊዜ ሆዷ ሥር ይዛቸው ትኖራለች።

«አያችሁ? እናት ናት» አላቸው። «እናት ስትሆን ወደ ቦታዋ ነው የምትመለሰው።» ድንጋዩን እንደነበረ አስተካክሎ መለሳት። ከዚያ የሆነውን እስካሁን አልረሳሁትም። አንድ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሌላ ሸርጣን ያዘ። ገለበጣት። አየ። «ይቺ የላትም» አለ፤ ጓደኛው ደግሞ ሌላ ገልብጦ «ይቺ አላት!» ብሎ ራሱ መለሳት። ማንም ቀጥል አላለውም። ፍሎሪዳ ባሕር ሥር የሚሆነው ነገር ወተት ዓባይ ላይ እንዲህ በቀላሉ ሆነ።

ከጅረቱ በላይ ማሳቸውን የሚያርሙ ሽማግሌ አገኘን። ስለ ዓሣ ስንጠይቃቸው አረማቸውን ጣል አድርገው ተቀመጡ። ልጅ ሳሉ በክረምት ዓሣው ከዚህ ጅረት ውስጥ እየዘለለ ይታይ እንደነበር ነገሩን። «ብርብራ ወቅጠን እንጥል ነበር» አሉ። የብርብራ ፍሬ ሲወቀጥና ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያደነዝዘዋል፤ ትልቁም ትንሹም ይንሳፈፋል። ትልቁን ለቅመው ትንሹን ይተዉታል፤ ትንሹም ሞቶ ይቀራል።

«አሁንስ፣ አባባ?»

«አሁን ምን ዓሣ አለና? ጠጠሩንም ጫኑት።»

እውነትም ከታች ገልባጭ መኪና ቆሟል። አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይጫናል። ያ ጠጠር የነጭ ዓሣ አልጋ ነው። እንቁላሉ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ንጹሕ ውሃ እያለፈበት ነው የሚፈለፈለው። ጠጠሩ ከተነሳና ጭቃ ከቀረ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 15፣ ሰከላ

ቲሊሊን አልፈን ወደ ሰከላ ወጣን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናችን ሁለት ቦታ ተገፍታለች። ግሽ ዓባይ ደርሰን ጸበሉን ጠጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ምንጩ ላይ በጾም ነው የሚቀረበው፤ ፍልሰታ ስለነበር አልከበደንም። ከዚህ የሚነሳው ውሃ ነው ትናንት ወተት ዓባይ ላይ፣ ትናንት በስቲያ መረቦቹ ሥር ያየነው። ካህናቱና ምእመናኑ ምንጩን እንዲህ በክብር መጠበቃቸው ደስ ይላል። ያው ውሃ ታች ሲወርድ ጠባቂ የለውም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 16፣ ባሕር ዳር

የፍልሰታ ሱባኤ አበቃ። ምሳ ካበሉን ቤት ተነስተን ከሰዓት ወደ ሐይቁ ዳር ሄድን። እሑድ ያገኘነው ታላቅየው ወጣት ጓደኞቹን ሰብስቦ ዋርካ ሥር ይጠብቀናል። እድሜያቸው የገፋ ሁለት አስጋሪዎችም መጥተዋል።

የአጎቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሎብስተር አሳያቸው። ሳቁ፤ «ይኼ ጊንጥ ነው እንጂ ዓሣ ነው?» አሉ። መለኪያውን ከቦርሳው አውጥቶ ሲያዞርላቸው ግን ሁሉም በየተራ ያዙት። እንግሊዝ ውስጥ ሉንዲ የምትባል ደሴት አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የባሕር ክፍል ከማጥመድ ተከልክሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ እዚያ ያለው ሎብስተር ከውጭው እጅግ በልጦ መገኘቱን ነገራቸው። ከዚያ ስለ ወንዙ አፍ ተነሳ።

«ልክ ነህ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «እናቱን በልተን ልጁን ከየት እናመጣለን? ግን ነሐሴን ማን ያበላናል?»

ይህን ጥያቄ ማንም ሊያልፈው አይገባም። የክልሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ከወጣ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. የ2003 ነው። ጣናም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው። ወረቀቱ አለ። መረብ ሳይጥል የሚያድር ሰው እራቱ ግን ወረቀት ላይ የለም። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ሥራ የእኛ የበላተኞች ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ነጭ ዓሣ አንዘዝ። ቀረሶ እንብላ፤ ቀረሶ ወንዝ መውጣት አያስፈልገውም፤ እናቲቱ ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ታሳድጋለች። ምግብ ቤቱ ነጭ ዓሣ ካልገዛ አስጋሪውም የወንዙን አፍ ትቶ መረቡን ወደ ሐይቁ መሐል ይወስዳል። እምቦጭን በእጃችን ልንነቅል በአውቶቡስ የተጫንን ሰዎች ይኼ አይከብደንም።

ክርክሩ እስኪመሽ ቆየ። አንዱ ሌሎቹ ካላቆሙ አላቆምም አለ። ሌላው ሦስት ወር አይሆንም፣ ሦስት ሳምንት ይሁን አለ። ሁለት ተነስተው ሄዱ። የቀሩት ግን አንድ ነገር ተስማሙ። የወንዙን አፍ መሐሉን ክፍት ትተው መረባቸውን በዳርና ዳር ብቻ ይጥላሉ፤ እስከ መስቀል ድረስ፣ ለሙከራ። እንቁላል ያላት በሕይወት ከወጣች ይለቃሉ። ታላቅየው ወጣት ስንት እንደለቀቁ ደብተር ላይ ሊጽፍ ቃል ገባ። የአጎቴ ልጅ ለደብተርና ለእስክሪብቶ የሚሆን ብር ሰጠው። እኔ ደግሞ የልጁን ስልክ ቁጥር ያዝኩ፤ በመስቀል ማግስት እደውልለታለሁ።